ሰሙ ቀልጦ ነሐሱ የሚቀርበት፦ ስለ ደቡብ ሕንድ የአማልክት ቅርጾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅኔ የሚወድ ሁሉ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ያውቃል። ቃሉ የመጣው ግን ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያወጣል። በጭቃ ይሸፍነዋል። ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያስወጣና በቦታው ወርቅ ያፈሳል። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ስዋሚማላይ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኸው ሥራ እስከ ዛሬ ይሠራል። እዚያ በሰሙ ቦታ የሚገባው ነሐስ ነው። ከጭቃው የሚወጡትም የሂንዱ አማልክት ናቸው፦ ሺቫ፣ ቪሽኑ፣ ፓርቫቲ፣ ጋኔሻ።

ሰዎች ስለነዚህ ቅርጾች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከዚህ በታች ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሰሙ ይጠፋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሙ የቅርጹ የመጀመሪያ አካል ነው። ባለሙያው ጣቱን፣ ጥፍሩን፣ የአንገት ጌጡን፣ የቀሚሱን እጥፋት፣ ሁሉንም በሰም ይሠራል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው እሳት ላይ ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ ልክ የሰሙን መልክ ይዟል። ነሐሱ የሚገባው እዚያ ነው። ነሐሱ ሲበርድ ጭቃው ተሰብሮ ቅርጹ ይወጣል።

ስለዚህ የሚጠፋው ሰሙ ብቻ አይደለም። የጭቃው ቅርጽ ማውጫም ይሰበራል። አንድ ሰም አንድ ቅርጽ ብቻ ይወልዳል። ነሐሱ ሲፈስ አንድ ነገር ከተበላሸ የሳምንታት ድካም ሄደ ማለት ነው። እንደገና ከሰም መጀመር ነው። እኔን በዚህ ሙያ ላይ ያሰረኝ ይህ ነው። ሰውየው በጣቶቹ የሠራውን፣ ያማረውን ነገር፣ ራሱ እሳት ላይ ያስቀምጠዋል።

ሙያው ስንት ዘመን ሆኖታል?

በሕንድ ክፍለ አህጉር እጅግ ጥንታዊ ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን ከሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ በ1926 የተገኘች አንዲት ትንሽ የነሐስ ልጃገረድ አለች። ቁመቷ 10.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ አሠራሯም ይኸው የሰም መንገድ ነው። እርግጥ እሷ አምላክ መሆኗን የሚያሳይ ነገር የለም። ክንዷ ሙሉ አምባር ነው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

የሂንዱ አማልክት ቅርጽ ጫፍ የደረሰው ግን ደቡብ ሕንድን በገዙት በቾላ ነገሥታት ዘመን ነው፤ ከ9ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን። እዚህ ላይ አንዲት ሴት መጠቀስ አለባት፤ ንግሥት ሴምቢያን ማሃዴቪ። ባሏ ከሞተባት በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ቤተ መቅደስ ስታሠራና የነሐስ ቅርጽ ስታበረክት ኖረች። ይህ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኋላ የነገሠው ራጃራጃ በታንጃቩር ያሠራው ታላቁ የሺቫ ቤተ መቅደስ በ1010 ተጠናቀቀ። ለቤተ መቅደሱ የተሰጡት የብረታ ብረት ቅርጾች በግድግዳው ላይ ከነልካቸው ተጽፈዋል። የስጦታ መዝገብ በድንጋይ ላይ መጻፍ ማለት ይኸው ነው።

ድንጋይ እያለ ነሐስ ለምን አስፈለገ?

በደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅርጽ አለ። አንደኛው በመቅደሱ ውስጥ የተተከለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋይ የተሠራ ነው። አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው በበዓል ቀን ወደ ሕዝቡ የሚወጣው ነው። መቅደስ መግባት ያልቻለ፣ የታመመ፣ ያረጀ ሁሉ በደጁ ሆኖ ያየዋል። የሚወጣው ቅርጽ በሰው ትከሻ የሚሸከሙት፣ ቢነካ የማይሰበር መሆን አለበት። ነሐስ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወጣ ያየ ሰው ግርግሩን፣ ጃንጥላውን፣ ከበሮውን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ትርጉሙም ሌላ ነው። የሕዝቡ ናፍቆት ግን ይመሳሰላል።

ሌላም ነገር አለ። በሙዚየም ቅርጾቹን ራቁታቸውን ነው የምናያቸው። በቤታቸው ግን ሐር ይለብሳሉ፣ በአበባና በጌጥ ይሸፈናሉ። ብዙ ጊዜ ከፊታቸው በቀር አይታዩም።

አምስቱ ብረቶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ፓንቻሎሃ ይሉታል፤ «አምስት ብረት» እንደ ማለት ነው። መዳብ፣ ዚንክ ወይም ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ ብርና ወርቅ ናቸው። ቆርቆሮ ስል ማዕድኑን እንጂ የቤት ክዳኑን አይደለም። እጅግ የሚበዛው መዳቡ ነው። ወርቁና ብሩ ጥቂት ነው፤ ለበረከት የሚገባ እንጂ ዋጋ የሚጨምር መጠን አይደለም። አንዳንዱ አሠሪ የራሱን ትንሽ ወርቅ አምጥቶ ከማቅለጫው ውስጥ ያስገባል።

ስለዚህ «ግማሹ ወርቅ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ሰሙ ይዘጋጃል። የንብ ሰም ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ከዛፍ ሙጫና ከጥቂት ዘይት ጋር ይቀልጣል። ሲበርድ እንደ ሊጥ በእጅ ይታሻል። ራሱ፣ ደረቱ፣ እጆቹ፣ እግሮቹ ለየብቻ ይሠራሉ። ከዚያ በጋለ ብረት ጫፍ ይጣበቃሉ። ሙቀቱ ሲበዛና ሰሙ ሲልፈሰፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ስዋሚማላይ ሞቃት አገር ናት፤ ውኃው ከባለሙያው አጠገብ አይጠፋም።

ቀጥሎ ጭቃው ይመጣል። የስዋሚማላይ ሰዎች የሚኮሩት በዚህ ነው። ከተማዋ የካቬሪ ወንዝ አጠገብ ናት። ወንዙ የሚያመጣው ደለል እንደ ዱቄት የላመ ነው። የመጀመሪያው ልባጥ በጣም ቀጭን ነው፤ ደለሉ ከተቃጠለ የሩዝ ገለባና ከከብት እበት ጋር ይፈጫል። ይህ ልባጥ የሰሙን እያንዳንዱን መስመር ይይዛል፤ የጣት አሻራ ቢኖር አሻራውንም። የሚደርቀው በጥላ ነው። ፀሐይ ላይ ካወጡት ሰሙ ያለጊዜው ይቀልጣል። ሁለተኛው ልባጥ ሻካራ ነው። ሦስተኛው አሸዋ ይበዛበታል። ቅርጹ ትልቅ ከሆነ ጭቃው እንዳይፈነዳ በብረት ሽቦ ይታሰራል።

ሰሙ ጭቃ ከመልበሱ በፊት ይመዘናል። ነሐስ ከሰም በግምት 9 እጥፍ ስለሚከብድ፣ 1 ኪሎ ሰም የፈጀ ቅርጽ 9 ኪሎ ገደማ ነሐስ ይፈልጋል። ነሐሱ ለሚገባባቸው መውረጃዎች ደግሞ ትርፍ ይጨመራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቻሉክያው ንጉሥ ሶሜሽቫራ ሦስተኛ ያስጻፈው ማናሶላሳ የተባለ የሳንስክሪት መጽሐፍ ይህን አሠራር ከነሚዛኑ ይዘረዝረዋል።

ከዚያ እሳቱ ነው። ጭቃው በኩበት እሳት ይጋገራል። ሰሙ በተተወለት ቀዳዳ ይንጠባጠባል። በሌላ ወገን ወናፉ እየተነፋ ነሐሱ ይቀልጣል፤ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ። ዛሬ ብዙዎቹ በእጅ ወናፍ ፋንታ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይጠቀማሉ። የጋገሩት ጭቃ አፉን ወደ ላይ አድርጎ በአፈር ይቀበራል። ነሐሱ የሚፈሰው ጭቃው ገና ትኩስ ሳለ ነው። የቀዘቀዘ ጭቃ ውስጥ ቢገባ ጣት ጋ ሳይደርስ ይረጋል። አፈሳሱ ቀጭን፣ የማይቋረጥ መሆን አለበት። ለአንድ አፍታ ከተቋረጠ እዚያ ላይ ስንጥቅ ይቀራል። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለ ደግሞ ነሐሱ ውስጥ ክፍተት ይቀራል።

በዚያች ቅጽበት ማንም አያወራም። ከፈሰሰ በኋላ ትንሹ ቅርጽ በአንድ ቀን፣ ትልቁ በበርካታ ቀናት ይበርዳል።

ጭቃው ሲሰበር የሚወጣው ነገር ጥቁርና ሻካራ ነው። ሞረድና መሮ ሥራቸውን የሚጀምሩት ያኔ ነው። በመጨረሻም ታማሪንድ በሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ታሽቶ ያበራል። እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። በቾላ ዘመን ዋናው ሥራ በሰሙ ላይ ያልቅ ነበር፤ ነሐሱ ላይ ብዙ መሮ አይነካም። አሁን ብዙው ጌጥ በነሐሱ ላይ ነው የሚቀረጸው። ይህ ዘመናዊውን ይበልጥ የተዋበ ያስመስለዋል። ለእኔ ግን ያ የሰም ልስላሴ፣ ያ ሥጋ የሚመስል ነገር፣ ከአሮጌዎቹ ላይ ነው ያለው።

ልኩን በምን ያውቃሉ?

በኮኮናት ቅጠል። ባለሙያው ቅጠሉን በቅርጹ ቁመት ልክ ይቆርጠዋል። ከዚያ እያጠፈ ይከፋፍለዋል። አንዱ እጥፋት ለፊት፣ አንዱ ለአንገት፣ አንዱ ከደረት እስከ እምብርት። ሜትር የለም።

መለኪያው ታላ ይባላል፤ በመሠረቱ የፊት ርዝመት ነው። ታላላቆቹ አማልክት በ10 ታላ ይሠራሉ። አጠር ብሎ ቦርጫም የሆነው ጋኔሻ በ5 ታላ ነው። ቅጠሉ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ እጥፋቱ ያው ስለሆነ፣ የጣት ያህሉም የሰው ቁመት ያለውም አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። ሕጉ ጥብቅ ነው። ቢሆንም የሁለት ባለሙያ ፊት አንድ ሆኖ አያውቅም። አፍንጫው ላይ፣ የከንፈሩ ዳር ላይ፣ የሰውየው እጅ ይታወቃል።

ውስጣቸው ባዶ ነው ወይስ ድፍን?

የደቡብ ሕንዶቹ ድፍን ናቸው። በአምስተርዳም የራይክስ ሙዚየም ያለው ናታራጃ (የሚደንሰው ሺቫ) 153 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 300 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። ከነጭነት መኪናው በሮተርዳም ወደብ የጉምሩክ ኤክስሬይ ሲነሣ ድፍን መሆኑ ተረጋገጠ፤ ዙሪያውን ያለው የእሳት ቀለበት ጭምር።

በኔፓል፣ ፓታን ከተማ ያሉት የኔዋር ባለሙያዎች ደግሞ ውስጡን ባዶ ያደርጋሉ። ሰሙ በጭቃ እምብርት ላይ ይለበጣል፤ ነሐሱ ወይም መዳቡ ቀጭን ይሆናል። ብዙዎቹ ወርቅ ይቀባሉ። ወርቁ ከሜርኩሪ ጋር ተቀላቅሎ ይቀባና ሜርኩሪው በእሳት ይተናል። እንፋሎቱ መርዝ ነው። የወርቁን ማማር ስናደንቅ የሠራተኛውን ሳንባም ማሰብ ተገቢ ነው።

ያ እግሩን ያነሣው የሚደንሰው ማን ነው?

ናታራጃ ነው፤ ሺቫ የዳንስ ጌታ ሆኖ። ቀስ ብለን እንየው፤ ሁሉም ነገር ትርጉም አለው።

አራት እጅ አለው። በላይኛው ቀኝ እጁ ትንሽ ከበሮ ይዟል፤ የፍጥረት ድምፅ ነው። በላይኛው ግራ እጁ እሳት አለ፤ ጥፋት ነው። የታችኛው ቀኝ መዳፉ ወደ እኛ ተዘርግቷል፤ «አትፍሩ» ይላል። የታችኛው ግራ እጁ ወደተነሣው እግር ያመለክታል፤ መጠጊያው እዚያ ነው። የቆመበት እግር ሥር አንድ ድንክ ተጋድሟል፤ ድንቁርና ነው። አለመሞቱን ልብ በሉ። ተረግጧል እንጂ አልጠፋም።

ጸጉሩ በሁለቱም በኩል ይበራል። አንዱ ጆሮው ላይ የወንድ ጉትቻ፣ ሌላው ላይ የሴት ጉትቻ አለ፤ ሺቫ ወንድም ሴትም በአንድ አካል ነው ይላሉና። ይህ ሁሉ እየተሽከረከረ ፊቱ ግን ጸጥ ያለ ነው። እኔ ሁሌም የሚገርመኝ ፊቱ ነው። ሰሙን የሠራው ሰው እንዴት ያን ጸጥታ አገኘው?

በጄኔቭ አጠገብ ባለው የሴርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ግቢም 2 ሜትር የሚሆን ናታራጃ ቆሟል። የሕንድ መንግሥት በ2004 ያበረከተው ስጦታ ነው።

ቅርጹ «አምላክ» የሚሆነው መቼ ነው?

ለአማኙ፣ ከባለሙያው ቤት የወጣው ቅርጽ ገና ነሐስ ነው። በመጨረሻ ላይ ዓይኑ የሚከፈትበት ሥርዓት አለ። የዓይኑ መስመር በወርቅ መሣሪያ ይነካል። ከዚያ በቤተ መቅደሱ ካህናቱ የነፍስ ማስገባት ጸሎት ያደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል።

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው «ጣዖት» ብሎ ይጠራቸዋል። ቃሉ በሃይማኖታችን ከባድ ፍርድ የተሸከመ ነው። ሂንዱ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ፊት «ቅርጽ» ወይም «ምስል» ማለት የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ዱባይ ወይም አቡዳቢ ከሕንዶች ጋር አብሮ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሠሪዎቹ እነማን ናቸው?

ስታፓቲ ይባላሉ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። በራሳቸው ትረካ አያቶቻቸው በቾላ ዘመን ለታላላቆቹ ቤተ መቅደሶች ሥራ የመጡ ናቸው። ልጁ በሰም መጫወት ይጀምራል፣ ጭቃ ይቦካል፣ ቆይቶ ፊት መሥራት ይፈቀድለታል። ፊት የመጨረሻው ነው። ዛሬ መንግሥት ያቋቋማቸው ማሠልጠኛዎችም አሉ፤ ከቤተሰቡ ውጭ ያለም ይማራል።

እዚህ ላይ ውስጤን የሚነካ ነገር አለ። ስታፓቲ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተከበረ ነው፤ የከፍተኛ ወገን ምልክት የሆነውን ቅዱስ ክር ይለብሳል። እኛ አገር ግን ያንኑ እሳትና ሰም የሚያውቀው ሰው ምን ይባል ነበር? ቀጥቃጭ፣ ቡዳ። በላሊበላ ዘመን የነበሩትን እነዚያን ድንቅ የነሐስ መስቀሎች ያፈሰሰው እጅ ስሙ አልተጻፈም። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል ወሰድንለት። ክብሩን ግን ለረጅም ዘመን ነፈግነው።

ገበያ ላይ ያየሁት እውነተኛ የሰም ሥራ መሆኑን እንዴት ልለይ?

አንሡት። ድፍን ነሐስ ከጠበቃችሁት በላይ ይከብዳል። ከነሐስ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራው ቀላል ነው፤ በጥፍር ሲመታም ድምፁ ይደፈናል። ማግኔት አስጠጉ፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው። ካልሳበው ግን ያ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

በጎኑ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የመገጣጠሚያ መስመር ካያችሁ በሁለት ክፋይ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው። ሱቁ ውስጥ ቁርጥ እሱኑ የሚመስሉ አሥር ካሉ ደግሞ ሰሙ ራሱ በጎማ ቅርጽ ማውጫ ተባዝቷል። ጣቶቹን ተመልከቱ፤ እርስ በርስ ተለይተዋል? ጀርባውስ ተሠርቷል? ሰነፍ ሥራ የሚታወቀው በጀርባው ነው። የስዋሚማላይ የነሐስ ቅርጾች በሕንድ የመነሻ ቦታ ስም ምዝገባ ስላላቸው ሻጩን ስለዚያ መጠየቅም ትችላላችሁ።

እንዴት ይጸዳል?

በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ። በቃ። ሎሚ፣ አሲድ፣ የብረት ሽቦ አይንካው። ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነው ገጽ ቆሻሻ አይደለም፤ ይጠብቀዋል። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት እየበቀለ ከሆነ ግን ችግር አለ። ጨውና እርጥበት ነሐሱን እየበሉት ነው። ደረቅ ቦታ አድርጉት፤ አሮጌ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩት።

አሮጌ የቾላ ቅርጽ መግዛት ይቻላል?

ከሕንድ ማውጣት ክልክል ነው። በ1972 የወጣው ሕግ 100 ዓመት የሞላው ቅርጽ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ውጭ አገር «አሮጌ ነው» ተብሎ የቀረበላችሁ ቅርጽ መቼና እንዴት እንደወጣ ወረቀት ከሌለው፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሰሜን የመጣ ጦር ደቡቡን ሲወርር፣ ካህናት ብዙ ቅርጾችን መሬት ቀበሩ። የቀበሩት ሞቱ፤ ቅርጾቹ ተረሱ። ዛሬም ገበሬ ሲቆፍር ያገኛቸዋል። በ1976 ፓቱር በምትባል መንደር አንድ የቀን ሠራተኛ እንዲህ ናታራጃ አገኘ። ቅርጹ ተሸጦ ለንደን ደረሰ። ለማስመለስ እዚያ በተነሣው ክስ ላይ ቤተ መቅደሱ ራሱ ባለመብት ሆኖ ቀረበ፣ አሸነፈም። በ1991 ናታራጃው አገሩ ገባ።

ስሪፑራንታን የተባለችው የታሚል ናዱ መንደር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያማል። ናታራጃው ከመንደሩ ቤተ መቅደስ ተሰረቀ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም በ2008 በ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ገዛው። ያጋለጡት አሮጌ ፎቶዎች ናቸው። በፑዱቼሪ ያለው የፈረንሳይ ተቋም ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቤተ መቅደስ ቅርጾችን ፎቶ እያነሣ ያስቀምጥ ነበር። ቅርጹ በ2014 ተመለሰ። የሸጠው የኒው ዮርክ ነጋዴ በ2011 ጀርመን ተያዘ፤ በ2022 በሌላ የቤተ መቅደስ ስርቆት ክስ በታሚል ናዱ ኩምባኮናም ከተማ 10 ዓመት ተፈረደበት።

ይህን ሳነብ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ትዝ ይለኛል። በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኘ፣ በ2001 ተመለሰ። እባካችሁ፣ የደብራችሁን ንዋያተ ቅድሳት በፎቶ መዝግቡ። ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባም፣ ከነጭረቱ። ሌባ ቅርጽ ይሸጣል፣ ጭረት ግን አይደብቅም።

የት ሄጄ ላያቸው?

ሕንድ ከሄዳችሁ፣ ቼናይ ያለው የመንግሥት ሙዚየም የነሐስ ክፍልና ታንጃቩር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ማሳያ ይቅደሙ። ስዋሚማላይ ከኩምባኮናም ቅርብ ስለሆነች በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ፓሪስ ጊሜ ሙዚየም፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አላችሁ።

ስትደርሱ ፊት ለፊት ብቻ ቆማችሁ አትመለሱ። ዙሩና ጀርባውን እዩ፤ የጸጉሩ ጥቅል በትከሻው ላይ እንዴት እንደወረደ። ሕዝብ በአራቱም በኩል እንዲያየው ነው የተሠራው። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ መቀመጫውን ፈልጉ። መሸከሚያው የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችና ቀለበቶች አሁንም እዚያው አሉ።